ላንቻ አካባቢ ስላለ አንድ ጋራዥ፦ ሦስት ወር የተንኳኳው ፍሬን

መኪናዬ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከፊት በቀኝ ጎማዋ በኩል ስትንኳኳ ከረመች። በእነዚህ ሦስት ወራት ሁለት ጋራዥ ተመላልሼ 30,300 ብር ከፍያለሁ፤ ኳኳታው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ያጠፉልኝ አዲስ አበባ ውስጥ ላንቻ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚገባ ጠባብ ቅያስ ላይ፣ ታፔላ በሌለው ግቢ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል፤ «ሰው ሲበዛ እጅ ይቸኩላል» ነው ምክንያታቸው። ቃላቸውን አከብራለሁ። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ከበሩ አጠገብ የተቆለሉ አሮጌ ጎማዎችና በግቢው መሐል የቆመ ትልቅ ባሕር ዛፍ ያየ ሰው ግን ቦታውን አይስተውም።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለመኪናዬ የማወጣውን እያንዳንዱን ብር በደብተር እመዘግባለሁ፤ ቀኑን፣ የተቀየረውን ዕቃ፣ ኪሎ ሜትሩን ጭምር። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የተቀዱት ከዚያው ደብተር ነው። መኪናዋ 2006 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ከበሮ ፍሬን ያላት። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ እንደ እኔ ያለ ደመወዝተኛ ሌላ መኪና እገዛለሁ ብሎ አያስብም። ያለችውን መጠበቅ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ብልሽት ምክንያት በትክክል መታወቁ ለእኔ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ቤቴ ኮተቤ ነው። ከአስፋልቱ እስከ በሬ ድረስ ስድስት መቶ ሜትር ያህል የኮብልስቶን መንገድ አለ፤ ቁልቁለት ነው፤ መጨረሻው ላይ የፍጥነት መቀነሻ አለው። ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ላይ ነው። ደረቅ ነው፤ ብረት ብረትን ሲነካ የሚሰማ «ቋ ቋ ቋ» የሚል፣ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ የሚደጋገም። አስፋልት ላይ ስወጣ ይጠፋል። ከኋላ የተቀመጠችው የሰባት ዓመት ልጄ «እማዬ፣ ሰው እያንኳኳ ነው» ስትለኝ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አዳመጥሁ፤ እውነትም በር የሚመታ ሰው ይመስላል።

ድምፁ የጀመረው የፊት የፍሬን ሸራ ከተቀየረ በአራተኛው ቀን ነበር። ይህንን በደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለመጀመሪያው ጋራዥም ነግሬያቸዋለሁ። «ሸራው አዲስ ነው፤ ድምፁ ከአሞርዛተር ነው» አሉኝ። ሸራውን ሲቀይሩ 2,800 ብር ለዕቃው፣ 600 ለእጅ ዋጋ ከፍዬ ነበር። በጥቅምት ሁለቱንም የፊት አሞርዛተር ቀየሩ፤ 17,000 ለዕቃ፣ 2,000 ለእጅ። በወጣሁ ቀን ማታ ኮብልስቶኑ ላይ ያው ድምፅ ጠበቀኝ። በኅዳር ሌላ ጋራዥ ገባሁ። እነርሱ ደግሞ የታችኛውን ክንድ ቡሾች (የላስቲክ ማስገቢያዎች) እና የስታብላይዘሩን ሊንክ ቀየሩ፤ 6,400 እና 1,500። መኪናዋ በእርግጥ ለስላሳ ሆነች፤ መሪዋም ረጋ አለ። ኳኳታው ግን እንዳለ ነው። በሁለቱም ጋራዥ ከእኔ ጋር መኪናው ውስጥ ገብቶ ድምፁን ያዳመጠ አንድም ሰው አልነበረም። ጎማውን ይዘው ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር ይጽፋሉ።

ወደ ላንቻ የላከኝ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው። «እኒያ ሽማግሌ መኪናውን ሳይነዱት አይፈቱትም» አለኝ። ታኅሣሥ 10 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረስሁ።

ሽማግሌው ሥራ ላይ ነበሩ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ዱካ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሲመጡ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁኝ። መኪናዋ ማለታቸው ነው። የተቀየረውን ሁሉ ከደብተሬ ማንበብ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። «እሱን ቆይተን እናየዋለን ልጄ። መጀመሪያ የምትለውን ልስማ።» ከዚያ ግን ወዲያውኑ አልተነሳንም። በመጀመሪያ የቀኙን ጎማ ዳዶዎች በመስቀለኛ ቁልፍ አንድ በአንድ ፈተሹ፤ ቀጥለው መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ እንድይዝ አደረጉና በጎማው ጀርባ በኩል ገብተው የካሊፐሩን፣ ማለትም የፍሬኑን መጨበጫ ብረት፣ ብሎኖች ነኩ። ለምን ይህንን እንዳስቀደሙ ስጠይቃቸው፣ ከሚያንኳኩ ነገሮች ሁሉ ሰው የሚገድለው የላላ ብሎን ነው አሉኝ። እሱ ሳይታይ መኪና ለሙከራ አይወጣም። ይህ አንድ ነገር ብቻ ከቀደሙት ጋራዦች ለያቸው።

በላንቻ ጀርባ ያሉት ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ኮብልስቶን ናቸው። እኔ እየነዳሁ እሳቸው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ሬዲዮውንም ማሞቂያውንም አጠፉ። በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ስሄድ ቋ ቋ ቋ ማለት ጀመረ።

«እስቲ ፍሬኑን በጣም በትንሹ ነካ አድርጊ። እንዳትቆሚ፤ ጎማው እየዞረ።»

እግሬን አሳረፍሁ። ድምፁ ተቆረጠ። በዚያው ድንጋይ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ፍጹም ጸጥታ ሆነ።

«አሁን ልቀቂ።»

ለቀቅሁ፤ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ሦስቱንም ጊዜ ፍሬን ሲነካ ጠፋ፣ ሲለቀቅ መጣ። ከዚያም ወደ ኋላ ሁለት ሜትር ያህል ሄጄ እንድቆም፣ ወደ ፊት ሁለት ሜትር ሄጄ እንድቆም አደረጉኝ። አቅጣጫ በቀየርሁ ቁጥር በመጀመሪያው የፍሬን ንክኪ ላይ አንድ ነጠላ «ጓ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ዝም።

ሽማግሌው መስኮቱን ዘጉና «ፍሬኑ ነው» አሉ። በጠቅላላው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር የወሰደው።

ይህ ሙከራ ምን እንደሚለይ እንዳስረዱኝ ልጻፈው፤ ለብዙ ሰው ገንዘብ ያድናል ብዬ አምናለሁ። ካሊፐር ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከሁለት ወገን እንደ መዳፍ ጨብጦ የሚይዘው ብረት ነው። እንደ ኮሮላ ባሉ መኪኖች ላይ ፒስተኑ ያለው በውስጥ በኩል ብቻ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ወደ ዲስኩ ይገፋል፤ በዚያው ግፊት ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ወደ ውስጥ ይንሸራተትና የውጭውን ሸራ ስቦ ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ስለዚህ ፒኖቹ በነጻነት መንሸራተት አለባቸው፤ ነገር ግን ቀዳዳቸው ውስጥ መወዛወዝ የለባቸውም። ሸራዎቹም ካሊፐሩ በሚታሰርበት መያዣ ውስጥ ወደ ዲስኩ መሄድ መቻል አለባቸው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን መዝለል የለባቸውም። ፒኑ ወይም ቀዳዳው ሲበላ፣ ሸራውን ጠበቅ አድርገው የሚይዙት ቀጫጭን ላሜራዎች ሲጠፉ፣ መኪናው ድንጋይ ላይ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ካሊፐሩና ሸራው ይጋጫሉ። ፍሬኑ በትንሹም ቢሆን ሲነካ ሁሉም ዲስኩ ላይ ይጣበቃል፤ የሚላወስ ነገር ስለሌለ የሚንኳኳም የለም። የአሞርዛተር ወይም የቡሽ ድምፅ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን ተነካ አልተነካ መንኳኳቱን አይተውም። ወደ ኋላና ወደ ፊት ስንሄድ የሰማነው ነጠላ ድምፅ ደግሞ ሸራው በመያዣው ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲዘል የሚያሰማው ነው። 26,900 ብር ለአሞርዛተርና ለቡሽ ከመክፈሌ በፊት ይህንን የአንድ እግር ንክኪ የሚያውቅ ሰው ባገኝ ምን ያህል በወደድሁ።

ግቢ ተመለስን። ረዳቱ በክሪክ አነሳት፤ ሽማግሌው ከሥሯ የብረት መደገፊያ ሳያስገቡ እጃቸውን አላስገቡም። ጎማው ከወረደ በኋላ ካሊፐሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁት። ቋ ቋ። ሦስት ወር ስሰማው የኖርሁት ድምፅ፣ በዓይኔ ፊት፣ በሰው እጅ። ተራዬን እንድሞክር ጠሩኝና እኔም ነቀነቅሁት።

ከዚያ ፈቱት። በ14 ቁልፍ ሁለቱን የፒን ብሎኖች ፈትተው ካሊፐሩን አነሱ፤ ወዲያውኑም በሽቦ ከሞላው ላይ አንጠለጠሉት። ይህንን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በመጀመሪያው ጋራዥ ሸራው ሲቀየር ካሊፐሩ በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ አይቼ ነበር። ነገርኋቸው። ቱቦውን በባትሪ መብራት ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመሩት፤ እየጠመዘዙ ስንጥቅ ፈለጉ። ደህና ነበር። የካሊፐር ክብደት የፍሬኑን ቱቦ ከውስጥ ሊያላላውና ሊቀድደው ይችላል፤ ከውጭ ሳይታይ።

ውስጡ ያገኙትን በተራ አሳዩኝ፤ ዕቃዎቹንም ጋዜጣ ላይ ደረደሩልኝ።

ላሜራዎቹ የሉም። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ላይ አራት መሆን ነበረባቸው፤ ሸራው ጆሮዎቹን የሚያሳርፍባቸው ቀጫጭን የብረት ሽፋኖች። በቀኝም በግራም አንድ እንኳ የለም። ይህንንም አስታወስሁ። በመስከረም ሸራው ሲቀየር መሬት ላይ የተጣሉ ቀጫጭን ብረቶች አይቼ ረዳቱን ስጠይቀው «ትርፍ ነው እትዬ፣ ዝም ብሎ ድምፅ ያመጣል» ብሎኝ ነበር። ድምፅ የሚከለክለውን ዕቃ ነበር የጣለው። በዚያ ልጅ አልፈርድም፤ ከበላዩ ያለው ሰው አላስተማረውም። ጋራዡ ግን ገንዘቤን የተቀበለው ሥራውን አውቃለሁ ብሎ ነው፤ በዚህ አዝኛለሁ።

ፒኖቹም ጉድ ናቸው። ሁለቱ ፒኖች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አንደኛው ለስላሳ ብረት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ጫፉ አካባቢ የጎማ (የላስቲክ) እጅጌ ያጠልቃል፤ ያ እጅጌ ንዝረቱን ይውጣል። በግራው ጎማ ላይ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው ገብተዋል። በቀኙ ላይ ደግሞ የጎማው እጅጌ አብጦ፣ ተቆራርጦ፣ ግማሹ ጠፍቷል። ምክንያቱን ከቀዳዳው ውስጥ በጣታቸው አውጥተው አሳዩኝ፦ ለኩሽኔታ የሚሆነው ተራው ቢጫ ግራሶ። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ግራሶ የፍሬኑን የላስቲክ ክፍሎች ያሳብጣል፤ ለፒን የሚሆነው የሲሊኮን ግራሶ ነው። ጎማው መጀመሪያ አብጦ ፒኑን አጣበቀው፤ ስለዚህ ካሊፐሩ በደንብ አልተንሸራተተም። ኋላ ሲቆራረጥ ደግሞ ፒኑ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ቀረና መወዛወዝ ጀመረ። የመጣበቁ ምልክት ሸራው ላይ ይነበባል፦ የቀኙ የውስጥ ሸራ 5 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ የውጭው 9። አብረው በአንድ ቀን የገቡ፣ ሦስት ወር ብቻ የሠሩ ሸራዎች ናቸው። የውስጡ ብቻውን ሲሠራ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ነው። ሽማግሌው ከመሳቢያቸው አንድ አዲስ ፒን አውጥተው በቀኙ መያዣ ቀዳዳ ውስጥ ከተቱና በጣታቸው ነቀነቁት። አዲሱም ተወዛወዘ። በግራው ላይ ሲሞክሩት ግን ልክክ አለ፤ ለስላሳ ሆኖ፣ አየሩን እየገፋ ገባ። «ግራው በፒንና በጎማ ይድናል። የቀኙ መያዣ ተበልቷል፤ ፒን ብቀይርልሽ ለሁለት ወር ዝም ይልና ይመለሳል» አሉኝ። እንዲህ የሚል ሰው ይገርመኛል። ሁለት ወር ዝም ማለቱ ብቻ እኮ ለብዙ ጋራዥ በቂ ነበር።

ዕቃውን እኔው እንድገዛ ነው የላኩኝ፤ አብሮኝ ረዳታቸው ሄደ። የተበላውን ፒንና አንድ አሮጌ ሸራ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፤ የመኪና ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ሌላ አድራሻ አያስፈልገውም። እኔ ሸራ ስገዛ እስከ ዛሬ ዋጋ ብቻ ነበር የምጠይቀው። ረዳቱ ግን ማሸጊያው ውስጥ ላሜራዎቹ አብረው መኖራቸውን ይጠይቃል፤ የሸራውን ጆሮ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ይለካል፤ የፒኖቹን ርዝመት በጣቱ ያወዳድራል። አንዱ ሱቅ ያሳየን ሸራ ጆሮው ከአሮጌው በግልጽ ያነሰ ነበር። ባለ ሱቁ «እናቴ፣ ይገባል፣ ምንም አይልም» ቢለንም ልጁ መለሰለት። መያዣው ውስጥ የሚላወስ ሸራ ይዞ መመለስ ያንኑ ኳኳታ በአዲስ ዋጋ መግዛት ነው። የቀኙን መያዣ ያገለገለ ነው ያገኘነው። ልጁ አዲስ ፒን ከኪሱ አውጥቶ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቀዳዳዎቹን ሞከረ፤ ሦስተኛው ላይ ተስማማ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመን ነው የገዛነው፤ እግሬ ዝሎ ነበር፤ ነገር ግን ዕቃ መግዛትን የተማርሁት ያን ቀን ነው።

ሥራው በማግስቱ አርብ አለቀ። አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች አጠቡ፣ የመያዣዎቹን ዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አወጡ፤ ላሜራው የሚቀመጥበት ቦታ ዝገት ካለው ሸራው ይጣበቃል አሉ። ዲስኮቹን በመለኪያ ለኩ፤ በዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት በላይ ስለነበሩ አልተቀየሩም። ያልተበላሸ ነገር አላስገዙኝም። ፒኖቹን በሲሊኮን ግራሶ በስሱ ቀብተው፣ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሚገባ ለረዳታቸው አስደግመው እያስነገሩት አስገቡ። ፒስተኑን ወደ ውስጥ ከመግፋታቸው በፊት የፍሬን ዘይቱ እንዳይፈስና ቀለም እንዳይበላ ከዘይት ማጠራቀሚያው ላይ ጥቂቱን በሲሪንጅ ቀዱ። መያዣውን በ17 ቁልፍ ካሰሩ በኋላ ሁሉንም ብሎን ልኬት ባለው ማጥበቂያ ቁልፍ ጨረሱ። በአዲስ አበባ ትንንሽ ጋራዦች ውስጥ ይህንን ቁልፍ በሰው እጅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

መኪናዋ ከክሪክ ከወረደች በኋላ ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት የፍሬኑን ፔዳል እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሜ እንድረግጥ አዘዙኝ። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለተገፋ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው፤ ይህንን ሳያደርግ ከግቢ የሚወጣ ሰው አጥር ላይ ነው የሚቆመው። ቀጥሎ ባዶ መንገድ ላይ ወስደውኝ ከሃምሳ ወደ አሥር ኪሎ ሜትር እየቀነስሁ፣ ሳልቆም፣ አሥር ጊዜ ያህል በመጠኑ እንድረግጥ አደረጉኝ፤ አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዲዋደድ። ከዚያ ኮብልስቶኑ ላይ ገባን። ሬዲዮው ጠፍቷል፤ መስኮቱ ተከፍቷል። የድንጋዩ ጩኸት ከጎማው ሥር ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለም። ሽማግሌው ምንም አላሉም፤ እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ፍሬኔን ሳላምነው ነዳሁ።

የከፈልሁት ይኸው ነው። ለምርመራው 400፤ ይህ ኋላ ከእጅ ዋጋው ተቀንሶልኛል። የሁለቱም ጎማ ፒንና የጎማ ሽፋን 2,600፤ ላሜራ 1,200፤ ሸራ 4,500፤ የሲሊኮን ግራሶ 650፤ ያገለገለው መያዣ 2,500፤ የእጅ ዋጋ 2,200። ድምሩ 13,650 ብር። ላሜራው ለብቻው የተገዛው ሸራው ማሸጊያ ውስጥ ለአንድ ጎማ ብቻ የሚበቃ ስለነበረ ነው። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ በፌስታል አስረው ሰጡኝ፤ ሳልጠይቅ።

ቅሬታዬንም ልናገር፤ ምስጋናዬ እውነት የሚሆነው ይህንን ስጽፍ ነውና። ሐሙስ ዕለት ረዳቱ የፍሬኑን አቧራ በኮምፕረሰር አየር ሲነፋ አየሁ፤ እሱም አፉን አልሸፈነም፣ እኔም አጠገቡ ነበርሁ። የፍሬን አቧራ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ በአንዳንድ አሮጌ ሸራዎች ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ አለ። ተናገርሁ። ሽማግሌው ልጁን ጠርተው በውኃ አርሶ በብሩሽ እንዲያጥበው ነገሩት፤ ለግራው ጎማ እንደዚያ አደረገ። ከእንግዲህ ልማድ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የምትሄዱ ሁሉ ብትጠይቁ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው የደረሰኝ ጉዳይ ነው። በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ይሰጣሉ እንጂ ሕጋዊ ደረሰኝ የላቸውም፤ የመሥሪያ ቤት መኪና ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ከባድ ነው። ለሴት ደንበኛ የሚሆን መጸዳጃ የለም፤ በአጠገቡ ካለች ቡና ቤት ነው የተጠቀምሁት፤ ባለቤቷን አመሰግናለሁ። መቀመጫው ሁለት ዱካ ነው፤ ዝናብ ከመጣ መጠለያ የለም። ስልክም አያነሡም ማለት ይቻላል፤ በአካል ሄዶ ወረፋ መያዝ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን፣ እሑድ ዝግ ነው። ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም።

እንዲህም ሆኖ ዕውቀታቸውን ለደንበኛ የሚያካፍሉበት መንገድ ሌላ ቦታ አላየሁም። «ይህ ምንድን ነው?» ስላልሁ የተቆጣኝ የለም። ሴት ሆኜ ጋራዥ ስገባ ብዙ ጊዜ መልሱ የሚሰጠው ከጎኔ ለቆመ ወንድ ነው፤ ረዳቱን ይዤ ሶማሌ ተራ ስሄድ እንኳ ባለ ሱቆቹ የሚያናግሩት ልጁን ነበር። ሽማግሌው ግን ፒኑን እኔ እጅ ላይ አስቀምጠው ነው ያስረዱኝ።

ይህን የምጽፈው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ 3,100 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። ጥር 21 ለአስተርዮ ማርያም እናቴን ይዤ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ነበር። ስንመለስ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ እየነካሁ ወረድሁት፤ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን አልጎተተችም፣ ፔዳሉም አልላላም። ታች ደርሼ ቆሜ ሁለቱን የፊት ቸርኬዎች በመዳፌ ቀረብ አድርጌ ሙቀታቸውን አወዳደርሁ፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዱ ከሌላው በጣም ከሞቀ በዚያ በኩል ካሊፐሩ ተጣብቋል ማለት ነው። እኩል ነበሩ።

በሚያዝያ ለምርመራ ተመልሼ ሄድሁ። ሁለቱንም ፈትተው ሸራዎቹን ለኩ፦ ቀኝ የውስጥ 10፣ የውጭ 10፤ ግራ የውስጥ 10፣ የውጭ ከ10 በጥቂቱ ከፍ ያለ። በደብተሬ ላይ ጻፍሁት። 150 ብር ብቻ ተቀበሉኝ። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ ነው፤ የኋላውን ከበሮ ፍሬን ከፍተው ሊያዩልኝ።